ግሪሊ አካባቢ ከብቶቼን በመንግሥት ግጦሽ ላይ ላሰማራ፤ በማኅበር ነው ወይስ በጎረቤቴ ፈቃድ?

ጥያቄ፦ የመንዝ ልጅ (ኮሎራዶ)

ሰላም ወገኖች። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ከግሪሊ በሰሜን ምሥራቅ በኩል 80 ኤከር መሬት ገዝተናል። 14 ላሞች ከነጥጆቻቸው አሉን። የበረዶውን ወራት በድርቆሽ ተወጣነው፤ አሁን ግን ግጦሹ መሬቱ እስኪታይ ድረስ ተግጧል። ከአጥራችን ማዶ የፖኒ ብሔራዊ የሣር ምድር ነው። "የመንግሥት ነው፤ ከብት የሚገባው ግን በአርቢዎች ማኅበር በኩል ነው" አሉኝ። አንድ ጎረቤቴ ደግሞ "በእኔ ፈቃድ አስገባና በየወሩ በላም ቆጥረህ ትከፍለኛለህ" ይለኛል። ደግ ሰው ነው፤ ባለፈው ትራክተሬ ጭቃ ውስጥ ስትቀር ያወጣልኝ እሱ ነው። ልስማማ? ማኅበሩስ ሥራው ምንድን ነው?

መልስ 1፦ ላም አላቢ

ወንድሜ፣ በጎረቤትህ ነገር ልጀምር። እባክህ አትስማማ። ፈቃዱ የተሰጠው ለራሱ ከብቶች ነው፤ የእሱ ምልክት ለተተኮሰባቸው። የሌላ ሰው ከብት ገንዘብ እየተቀበለ ካስገባ ፈቃዱን እንደማከራየት ይቆጠራል። ያንተ ከብት እንዲወጣ ይደረጋል፤ እሱም ፈቃዱን እስከማጣት ሊደርስ ይችላል። ውለታውን በዚህ አትመልስለት። ምናልባት የማኅበሩ ደንብ የሚፈቅደው ሌላ መንገድ ካለ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ያሳይህ።

አሁን ወደ ማኅበሩ። ያ መሬት ድሮ የገበሬዎች ነበር። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድርቁና የአፈር አውሎ ነፋሱ ሲመጣ ገበሬው ከስሮ ወጣ፤ መንግሥትም መሬቱን ገዛ። በ1954 ለፌዴራሉ የደን አገልግሎት መሥሪያ ቤት ተላለፈ፤ በ1960 ብሔራዊ የሣር ምድር ተባለ። መሬቱ ዛሬም እንደ ዳማ ሰሌዳ ነው፤ አንዱ የመንግሥት፣ ቀጥሎ ያለው የግል። እንዲህ የተቀላቀለን መሬት እያንዳንዱ አርቢ ለብቻው ልያዘው ቢል አይሆንም። ስለዚህ ደን አገልግሎቱ ከማኅበሩ ጋር ውል ይገባል፤ ማኅበሩ ደግሞ ለአባላቱ ፈቃድ ይሰጣል። ስንት ከብት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በየትኛው አጥር ውስጥ የሚለው በውሉና በየዓመቱ በሚወጣው ዕቅድ ይወሰናል። በፖኒ ሁለት ማኅበራት አሉ፤ የክሮው ቫሊ እና የፖኒ። አንተ ያለህበት የየትኛው እንደሆነ የደን አገልግሎቱ የፖኒ ቢሮ ካርታ አውጥቶ ያሳይሃል።

መልስ 2፦ የእረኛው ልጅ

ጋሼ፣ እኔ ዋዮሚንግ ውስጥ ለእንዲህ ዓይነት ማኅበር ሦስት በጋ እረኛ ሆኜ ሠርቻለሁ። ከሩቅ ሲታይ ርካሽ ሣር ይመስላል። ሥራው ግን ብዙ ነው። አጥር መጠገን፣ የውኃ ገንዳ ማየት፣ ከብቱን ከአንዱ ግጦሽ ወደ ሌላው ማዛወር፣ የኮርማ ድርሻ ማዋጣት፣ ስብሰባ መገኘት።

አንድ የጁላይ ቀን አልረሳም። የገንዳው ተንሳፋፊ ኳስ በአልጌ ተይዞ ውኃው ቆሟል። ስደርስ 60 ያህል ላሞች ባዶውን ገንዳ ከበው ይጮኻሉ። ጥጆቹ ጭቃውን ይልሳሉ። የምታጠባ ላም በዚያ ሙቀት በቀን ከ15 ጋሎን በላይ ትጠጣለች፤ አንድ ቀን ዘግይቼ ቢሆን ኖሮ ከብት ይሞት ነበር። የዚያ ሳምንት ተረኛ አባል ሳይመጣ ቀርቶ ነው። ማኅበሩ ቅጣት አስከፈለው፤ ትክክል ነበር።

ጨውም በዘፈቀደ አይቀመጥም። እኛ አገር አሞሌ በረት አጠገብ ነው የምንሰጠው። እዚህ ግን ከውኃው አርቀው ያስቀምጡታል፤ ከብቱ ወንዝ ዳር ተከማችቶ ሣሩን እንዳይጨርሰው፣ ወደ ዳገቱም እንዲበተን ነው። ከሣሩ ግማሹ ተግጦ ግማሹ ሲቀር ከብቱ ይዛወራል። እኛ ጎንበስ ብለን የሣሩን ቁመት በማስመሪያ እንለካ ነበር።

መልስ 3፦ እማማ ሂሳብ

ልጄ፣ እኔ የምመጣው ከቁጥሩ ነው። በምሥራቅ ኮሎራዶ አጭር ሣር ላይ አንዲት ላም ከነጥጃዋ ዓመቱን ሙሉ ከ30 ኤከር በላይ ትፈልጋለች። 80 ኤከር ሁለት ላም ቢይዝ ነው። ስለዚህ ማኅበር ብትገባም ባትገባም 14ቱ በዝተዋል። ማኅበሩ ራሱ ይጠይቅሃል፦ በግጦሹ ወራት ካልሆነ ከብትህን የት ታቆያለህ? መልስ ሊኖርህ ይገባል።

ሒሳቡ የሚሠራው በ"ኤዩኤም" ነው። አንድ ላም ከነጥጃዋ፣ ወይም አንድ ፈረስ፣ ወይም አምስት በግና ፍየል በአንድ ወር የሚበሉት ሣር ማለት ነው። 14 ላም ለ5 ወር 70 ኤዩኤም ይሆናል። "1.35 ዶላር ነው" ሲሉ ሰምተህ ይሆናል። እሱ ከ2019 እስከ 2025 በቢኤልኤም (የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ) መሬትና በምዕራቡ ብሔራዊ ደኖች የተሠራበት ዋጋ ነው። የሣር ምድሩ የራሱ ስሌት አለው፤ በዚያ ላይ የማኅበሩ መዋጮ ይጨመራል።

አዲስ ሰው የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ አንድ አባል ሲወጣ መሬቱን ወይም ከብቱን በመግዛት ነው። ያኔም ፈቃዱን አይሸጥልህም። እሱ ይለቃል፤ ለአንተ የሚሰጠው ሌላ ነው። "ፈቃድ እሸጥልሃለሁ" የሚል ካለ ቀብድ እንዳትሰጥ!

የጠያቂው ምላሽ፦ የመንዝ ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። እማማ፣ 30 ኤከር ስትሉኝ ደነገጥኩ፤ እውነቱ ግን እሱ ነው። እኔ ያደግሁት ጓሳ አጠገብ ነው። አባቶቻችን ሜዳውን ለዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ በተራ ይከፍቱት ነበር። ሳይከፈት የገባ ከብት ይያዛል፤ ባለቤቱም ይቀጣል። በእኛ አቆጣጠር ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ፈርሶ ሜዳው ሲራቆት አያቴ ያዝን ነበር። ማኅበር ምን እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ።

ለጎረቤቴ ዛሬ ማታ አይሆንም እለዋለሁ። ስምንቱን ላሞች ልንሸጥ ተስማምተናል። ለቀሩት እስከሚቀጥለው ዓመት የግል ግጦሽ ብንከራይስ?

መልስ 1፦ ላም አላቢ

ተከራይ፣ ግን ውሉን በጽሑፍ አድርግ። ውኃው የማን ኃላፊነት ነው፣ አጥሩን ማን ይጠግናል፣ ስንት ራስ ይገባል፣ ሣሩ ካለቀ መቼ ትወጣለህ፤ አራቱም ይጻፉ። የከብትህን ምልክትም አሁኑኑ በስምህ አስመዝግብ። ከዚያ የማኅበሩን ጸሐፊ ደውለህ ስብሰባቸው መቼ እንደሆነ ጠይቅና እንግዳ ሆነህ ተገኝ። አጥር በሚጠገንበት ቀን ጓንትህን ይዘህ ብትሄድ ደግሞ ፊትህን ያውቁታል፤ ጎረቤትህም ያስተዋውቅሃል።