12 ጨዋታ ሲቀር የ5 ነጥብ ልዩነት ይደፈናልን?

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ካናዳ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ የሚደግፈው የበረዶ ሆኪ ቡድን 12 ጨዋታ እየቀረው ወደ ጥሎ ማለፉ ከሚያስገባው የመጨረሻ ቦታ በ5 ነጥብ ርቋል። ተስፋ ማድረግ ይገባኛልን?

መልስ (ከባሕር ዳር)፦
ይገባዎታል፤ ነገር ግን መንገዱ ጠባብ ነው። በሰሜን አሜሪካው ሊግ ያሸነፈ 2 ነጥብ ሲያገኝ፣ በተጨማሪ ሰዓት ወይም ከዚያ በኋላ በሚመታ የመለያ ምት የተሸነፈም 1 ነጥብ ስለሚወስድ፣ ከፊት ያሉት ተፎካካሪዎች እርስ በርሳቸው ተጋጥመው ተጨማሪ ሰዓት ከገቡ ሁለቱም ነጥብ ይዘው ይወጣሉ፤ አሳዳጁን የሚጎዳው ከሁሉ በላይ ይህ ነው። ተፎካካሪው ከቀሩት 24 ነጥቦች ግማሹን ቢሰበስብ እንኳ፣ የእናንተ ቡድን ለመቅደም 18 ነጥብ፣ ማለትም 9 ድል ያስፈልገዋል። በነጥብ እኩል ቢሆኑ ደግሞ በመደበኛው 60 ደቂቃ ብዙ ያሸነፈው ይቀድማል።

መልስ (ከፍኖተ ሰላም)፦
ስሌቱ ትክክል ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ ግብ ጠባቂውን እመለከታለሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኦታዋ 14 ነጥብ ርቆ ሳለ፣ ብዙም የማይታወቀው ግብ ጠባቂ አንድሪው ሃሞንድ ገብቶ 20 ጨዋታ በማሸነፍ ቡድኑን ለጥሎ ማለፉ አብቅቶታል። ሴንት ሉዊስም በጥር 2019 መጀመሪያ ላይ ከሊጉ ሁሉ መጨረሻ ነበር፤ ጆርዳን ቢኒንግተን ግቡን ከተረከበ በኋላ ግን በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ዋንጫውን አነሣ። ስለዚህ የወንድምዎ ቡድን ግብ ጠባቂ በአሁኑ ወቅት በምን ብቃት ላይ እንዳለ ቢነግሩን፣ የተሻለ መልስ ለመስጠት እንችላለን።