የተጀመረ ጀልባ፦ ልሽጠው፣ ልስጠው ወይስ ልጨርሰው?

ባለጀልባው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ከ11 ዓመት በፊት ከታናሽ ወንድሜ ጋር ባለ 5 ሜትር የእንጨት ጀልባ ጀመርን። የጎድን አጥንቶቹን አቆምን፣ በኮምፔርሳቶ ለበጥነው፣ ግማሹን ፋይበርግላስ (በሙጫ የሚጠነክር የመስታወት ጨርቅ) አለበስነው። ከዚያ ወንድሜ ሥራ አገኘና ራቅ ወዳለ ቦታ ሄደ። እኔም «በሚቀጥለው ወር» እያልኩ ይኸው ጀልባው ግቢ ውስጥ ሸራ ተከናንቦ በግንባሩ ተደፍቷል። ስንጀምር ያልተወለደችው ልጄ አሁን ላዩ ላይ ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን ትሠራለች።

በእጄ ያለው፦ 15 የፈረስ ጉልበት ያለው አሮጌ ሞተር፣ ሁለት መቅዘፊያ፣ የደረቀ ኢፖክሲ ማጣበቂያ አንድ ጣሳ። ባለቤቴ ግቢውን ትፈልገዋለች። እውነቷን ነው። ልሽጠው ስል ሆዴ ይባባል፣ ልጨርሰው ስል ወገቤን ያመኛል። ለወጣቶች ማሠልጠኛ ብሰጠውስ? ምን ትሉኛላችሁ?

መላጊያ፦
ወንድሜ፣ ከመወሰንህ በፊት መዶሻና ካቻቢቴ ይዘህ ውጣ። ቀስ እያደረግክ ከፊት እስከ ኋላ አንኳኳው። ጤነኛ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ የበሰበሰው ዱፍ ይላል። ዱፍ ያለህ ቦታ ላይ ካቻቢቴውን ጫን አድርገው። እንደ ሳሙና ከገባ አበቃ፣ ያ ክፍል ተቆርጦ ይወጣል። ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ግድግዳ፣ የኮምፔርሳቶውን ጠርዝና ሸራው ረግቦ ውሃ ያቆረበትን ቦታ እንዳትዘል።

ሰው የማያምነኝ ነገር፣ ከባሕር ውሃ ይልቅ ጀልባን የሚያበሰብሰው የዝናብ ውሃ ነው። ጨው እንጨት ለሚያበሰብሰው ፈንገስ አይመቸውም። እንጨቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ከሆነ መበስበስ አይጀምርም። ሸራህ እስከ መሬት ተጠቅልሎ ከሆነ ግን አየር ስለማያገኝ እንፋሎቱ እዚያው ይቀራል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ፋይበርግላስ ያለበሳችሁት ግማሽ ነው። በስንጥቅ የገባ ውሃ መውጫ የለውም። ላዩ ያበራል፣ ውስጡ ዱቄት ይሆናል።

ሰጪዋ፦
እኔ ያላለቀ ጀልባዬን ለማሠልጠኛ ሰጥቻለሁ። በደስታ ነበር የወሰዱት። ከ4 ወር በኋላ ደውለው «ቦታ ያዘብን፣ መልሰሽ ውሰጂልን» አሉኝ። ያላለቀ ጀልባ መስጠት ሥራ መስጠት ነው። ማን ይጨርሰዋል፣ በየትኛው ጣሪያ ሥር ብለህ ጠይቅ። ዝም ካሉህ ተወው።

ሌላ ጥያቄ ልጠይቅህ። ባለፈው ዓመት ስንት ሰዓት ሠራህበት? ያሰብክበትን ሳይሆን እጅህ የነካበትን ቁጠር።

ቀዛፊ፦
ቀፎው፣ ማለትም ባዶው የጀልባ አካል፣ ቆመ ማለት ጀልባው አለቀ ማለት አይደለም። ቀለም፣ መሪ፣ የነዳጅ መስመር፣ ኤሌክትሪክ፣ መቀመጫ... ገንዘቡን የሚበላው እሱ ነው። ከሸጥክ ሞተሩን ለብቻ ሽጥ። ባላለቀ ቀፎ ላይ የታከለ ሞተር በነጻ እንደ መስጠት ነው። ደግሞ ነዳጅ ውስጡ ቆይቶ ከሆነ ካርቡራተሩን ሳታጸዳ አታሳይ። ጀልባ የሚጫንበት ተጎታች ካለህ ከሁሉም ቀድሞ የሚሸጥልህ እሱ ነው። ያወጣኸውን አስመልሳለሁ ብለህ አታስብ፤ ገዢው ያንተን 11 ዓመት አይገዛም።

ባለጀልባው፦
ጠዋት ወጥቼ አንኳኳሁ። ከፊት እስከ ስድስተኛው የጎድን አጥንት ጥርት ያለ ነው። ልቤ ሞቀ። ኋላ ስደርስ ዱፍ። ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባና አልወጣም አለኝ። ልጄ ሳቀችብኝ። ሰዓቱንም ቆጠርኩ፦ ባለፈው ዓመት 6 ሰዓት። 4ቱ ብሎን ፍለጋ ነው።

ማታ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ይከፋዋል ብዬ እየፈራሁ። «እንዴ፣ አሁንም አለ? እኔ እኮ ድሮ ፈልጠህ ያነደድከው መስሎኝ ነበር» አይለኝም! እኔ እኮ ይህን ሁሉ ጊዜ ያቆየሁት ግማሹን እሱን ላለማስከፋት ብዬ ነው።

በቃ፣ ይሸጣል። የማስታወቂያው የመጀመሪያ ፎቶ ካቻቢቴው እንደተሰካ ያነሳሁት ነው፤ ገዢው መጥቶ ከሚደነግጥ ከወዲሁ ይየው። ሞተሩ ለብቻው ወጥቷል።

ቀዛፊ፦
ጎበዝ። ተጎታቹስ?

ባለጀልባው፦
የጎረቤት ነው። እሱንም የተዋስኩት ከ11 ዓመት በፊት ነው።