የታደሰ ላንድክሩዘር ፒክአፕ (ኤፍጄ45) ዋጋው እንዴት ይተመናል?

ባለፒክአፑ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቶዮታ ላንድክሩዘር ኤፍጄ45 ፒክአፕ አለኝ። ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ሊብሬው የሥሪት ዘመኑን 1976 ይላል፣ በፈረንጅ። ሞተሩ 2ኤፍ ቤንዚን ሲሆን ፒስተኑ 0.50 ሚሊ ሜትር የሰፋ ገብቶ ሙሉ ሪቪዥን (የሞተር ዕድሳት) ተደርጎለታል። ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮው ከነረዳት ካምቢዮው የራሱ ነው። የጋቢናው ወለልና የሁለቱም በሮች ታችኛው ክፍል አዲስ ላሜራ ገብቶላቸዋል፤ ካሶኒው ተነቅሎ ለብቻው ተቀብቷል። የዕድሳቱ ደረሰኞች በሙሉ እጄ ላይ አሉ። ሁለት ደላሎች አይተውት አንዱ የሰጠው ዋጋ የሌላውን እጥፍ ሆነ። ዘመድ ደግሞ አሜሪካ ጨረታ ላይ የወጣ ዋጋ ልኮልኝ ጭራሽ ግራ ገባኝ። የገዛሁበትንና የደረሰኞቹን ድምር አንድ ላይ አድርጌ ልጥራ ወይስ ሌላ መንገድ አለው?

ሻንሲ ቁጥር፦

መደመሩን ተወው። ገዢ የሚከፍለው ለሚረከበው መኪና ነው፤ አንተ ምን እንዳወጣህበት አይመለከተውም። ደረሰኙ ጥቅም የለውም ማለቴ ግን አይደለም፤ ሥራው በትክክል መሠራቱን ያስረዳል። ዋጋውን ራሱን ግን አይወስንም።

ደላሎቹ የተለያዩት ሁለት የተለያየ ገዢ በአእምሯቸው ይዘው ስለሆነ ይመስለኛል። እህልና ሸቀጥ ሊጭንበት የሚገዛ ሰው ያንተን መኪና የሚያወዳድረው ከሌላ ኤፍጄ45 ጋር ሳይሆን ከኋለኞቹ ላንድክሩዘር 75 እና 79 ፒክአፖች ጋር ነው። እሱ ናፍጣ ነው የሚፈልገው፤ 4.2 ሊትር ቤንዚን ሞተር ለእሱ ወጪ ነው። 1ኤችዜድ የሚባለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ቢገባበት ኖሮ ይጨምርልህ ነበር። ለአሮጌ መኪና አፍቃሪ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ 2ኤፍ ሞተር ከ1975 ጀምሮ የገባ ስለሆነ ለ1976 ሥሪት ልኩ ነው፣ 1ኤችዜድ ቢያይበት ጥሎት ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ የትኛውን ገዢ እንደምትፈልግ ወስን፤ ሁለቱን አማካኝ አድርገህ የምታወጣው ዋጋ ለማንም አይሆንም።

ቀጥሎ ወረቀቱ። የሻንሲ ቁጥሩ ከፊት በቀኝ በኩል ሻንሲው ላይ ተመትቷል። ቀለም ከሸፈነው በቲነር አጽዳው እንጂ በግራይንደር እንዳትነካው፤ የተፋቀ ቁጥር የተቀየረ ይመስላልና ስም ማዛወሩ ላይ ጣጣ ያመጣል። የሞተር ቁጥሩን ዲስትሪቢዩተሩ ባለበት ጎን ብሎኩ ላይ ታገኘዋለህ። ሁለቱም ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለባቸው። የዚያ ዘመን ላንድክሩዘሮች ብዙዎቹ በእርዳታ ድርጅትና በመንግሥት ስም ከቀረጥ ነጻ የገቡ ናቸው። ያንተም እንዲህ ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ፣ ያልተከፈለው ቀረጥ በቀጥታ ከዋጋህ ላይ ይቀነሳል።

ማወዳደሪያ ስትፈልግ የተጠየቀ ዋጋ አትያዝ፣ የተሸጠበትን ያዝ። ኢንተርኔት ላይ ለወራት ተለጥፎ የሚቆይ ዋጋ ማንም ያልከፈለው ዋጋ ነው። የቆየ ሽያጭም አይሠራም፤ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ ከዚያ በፊት የተሸጠ መኪና አሁን ምንም አይነግርህም። ሦስት ወይም አራት ቅርብ ሽያጭ አግኝና ከእያንዳንዱ ጋር ያለውን ልዩነት በማስተካከያው ወጪ ቀንስ ወይም ጨምር። የእሱ ካምቢዮ የሚጮህ ከሆነ፣ ካምቢዮ ማሠሪያውን በእሱ ዋጋ ላይ ጨምረህ ከራስህ ጋር አስተያይ። እንዲህ ያለ መኪና ብዙ ስለማይሸጥ ሁለት ብቻ ብታገኝም አይግረምህ።

ላሜራ ቤት፦

እኔ ስለ ቦዲው ልናገር፤ በታደሰ መኪና ዋጋ የሚሸሸገው እዚያ ነው። «አዲስ ላሜራ ገባ» ማለት ብቻውን አይበቃም። የዛገው ተቆርጦ ወጥቶ ነው የገባው ወይስ በላዩ ተለጥፎበት? ከተለጠፈ ውሃ በሁለቱ ላሜራዎች መሐል ይቋጥርና በሁለት ክረምት ውስጥ ቀለሙ ማበጥ ይጀምራል። ከሥር ገብተህ ብየዳውን ተመልከት፤ ጠርዙ ተደራርቦ ከታየህ ተለጥፏል።

የቀለም ውፍረት መለኪያ ካገኘህ መኪናውን በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ለካ። የፋብሪካ ቀለም ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ በደንብ የተቀባ እድሳት ከ200 እስከ 350 ሊሆን ይችላል። ከ500 ካለፈ ስቱኮ (ከቀለም በታች የሚለሰን መሙያ) አለ፣ ከ1000 በላይ ከሆነ ቅርጹን የያዘው ስቱኮው ነው። መለኪያ ከሌለህ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ አስነካው፤ ስቱኮ ላይ ይንሸራተታል። የጋቢናውን የኋላ ማዕዘኖች፣ የንፋስ መስተዋቱን ክፈፍ፣ የጣሪያውን የውሃ መውረጃና የፓራፋንጎውን ታች አትለፍ።

ሻንሲውንም ከኋላ አክሱል ወዲያ ባለው በኩል፣ ባሌስትራው በተያዘበት ዙሪያ በመዶሻ ቀስ እያልክ ምታው። ጥሩ ብረት ይጮሃል፣ የዛገ ድምፁ ይታፈናል። ጥቁር ቀለም ወፍራም ሆኖ የተቀባበት ሻንሲ ሁሌም ያጠራጥረኛል። ከመቀባቱ በፊት የተነሳ ፎቶ ካለህ ከደረሰኞቹ ሁሉ በላይ ዋጋ ያለው እሱ ነው።

ከሜሪላንድ፦

የአሜሪካውን ዋጋ በምንዛሪ አብዝተህ ወደ ብር አትቀይረው። መጀመሪያ «ብሪንግ ኤ ትሬለር» በሚባለው የኢንተርኔት ጨረታ ላይ ያየኸው «ሶልድ» (ተሸጧል) የሚል ነው ወይስ «ቢድ ቱ» (ጨረታው እዚህ ደርሶ ቆመ)? ሁለተኛው ከሆነ ባለቤቱ ዋጋው አንሶት አልሸጠም።

ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠር። ከ25 ዓመት በላይ ስለሆነ የደኅንነት ደንቡ አያግደውም። የጭስ ደንቡም ከ21 ዓመት በላይ ለሆነና ሞተሩ እንደ መጀመሪያው ላለ መኪና ነጻ ነው፤ ስለዚህ 2ኤፍ መሆኑ እዚህም ይጠቅምሃል። ነገር ግን ፒክአፕ እንደ ጭነት መኪና ስለሚቆጠር በፈረንጅ ከ1964 ጀምሮ የቆየው የ25 በመቶ ቀረጥ አለበት። ለስሌት ያህል ብቻ፦ እዚህ 40,000 ዶላር የሚያወጣ ነው እንበል። ገዢው ለአንተ 24,000 ቢከፍል ቀረጡ 6,000፣ መርከብና ወደብ 5,000፣ ማስተካከያና ሰሌዳ 3,000 ቢሆን 38,000 ደረሰ። የቀረችው 2,000 ናት፣ ለዚያ ሁሉ መንከራተት። እና ጨረታ ላይ 40 ያየህበት መኪና እጅህ ላይ ከ24 በታች ነው ማለት ነው። መሪው በግራ መሆኑ ግን ጥሩ ነው፤ ከአውስትራሊያ የሚመጡት በቀኝ ስለሆኑ እዚህ ፈላጊያቸው ያንሳል።

ባለፒክአፑ፦

አመሰግናለሁ። ቁጥሮቹ ከሊብሬው ጋር ገጥመዋል፣ ቀረጡም ተከፍሏል። በማግኔት ሳየው የግራው የኋላ ማዕዘን ላይ ብቻ አልያዘም፣ መዳፍ የምታህል ቦታ ናት። ኮምፕሬሽን (በየሲሊንደሩ ያለውን ግፊት) ደግሞ አስለካሁ፦ 112፣ 115፣ 113፣ 110፣ 88፣ 114 ፒኤስአይ። የጥገና መጽሐፉ 150 ይላል። ሪቪዥኑ ተበላሽቷል ማለት ነው?

ሻንሲ ቁጥር፦

150ው ለባሕር ወለል ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ጤነኛ 2ኤፍ ከ110 እስከ 115 ያነባል። አምስቱ ደህና ናቸው። ይህን የማያውቅ ገዢ «ሞተሩ ደክሟል» ብሎ ሊቀንስብህ ስለሚችል አስቀድመህ አስረዳው።

አምስተኛው ግን ችግር አለው፤ በሲሊንደሮች መካከል የሚፈቀደው ልዩነት 14 ፒኤስአይ ነው። ከአዲስ ሪቪዥን በኋላ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቫልቭ ጠብቆ መታሰሩ ነው። ሞተሩ ሞቆ ሳለ የማስገቢያ ቫልቩን ክፍተት 0.20፣ የማስወጫውን 0.35 ሚሊ ሜትር አስተካክልና እንደገና ለካ። ካልተነሳ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረህ ለካው። ከፍ ካለ የፒስተኑ ፋሻ ነው፣ ባለበት ከቀረ ቫልቩ አልገጠመም፤ ያኔ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይወርዳል። ማስተካከሉ ብቻ ከበቃው ከዋጋህ ምንም አይነካም። ቴስታታ ማውረድ ካስፈለገ ሳትሸጥ በፊት አሠራው፤ ገዢ የሚቀንስብህ የጋራዡን ወጪ ሳይሆን የፈራውን ያህል ነው።

ላሜራ ቤት፦

ያቺን ማዕዘን ግን አትንካት። አስፍቀህ አዲስ ቀለም ካስቀባህ ገዢው ምን እንደተሸፈነ ስለማያውቅ የባሰ ይጠራጠራል። እንዳለች አሳየውና የላሜራ ማስቀየሪያውን ቀንስለት።