ውሃ ጠፋ ብሎ ሰልፍ ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል እንዴ?

የሦስተኛ ፎቋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአያት አልፎ ያለ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ ሳይቱን ባልጠራው ይሻላል። ውሃ ከጠፋ 23 ቀን ሆነው። ድሮ በፈረቃ ነበር፣ በሳምንት አንድ ሌሊት ትመጣለች፣ ነቅተን እንቀዳለን። አሁን እሷም ቀረች። ቦቴ ይመጣል ሲባል ቢጫ ጀሪካን ከብሎካችን እስከ ሱቁ ድረስ ይደረደራል፣ እያንዳንዱ ላይ የቤት ቁጥር በማርከር ተጽፎበታል፣ ሰዉ ቤቱ ይገባና ጀሪካኑ ተራ ይጠብቅለታል።

እና የብሎክ ኮሚቴው ተሰብስቦ ተስማማን። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ባዶ ጀሪካን ይዘን ከግቢው እስከ ወረዳው በእግራችን እንሂድ ተባለ። ፓርቲ የለ፣ ባንዲራ የለ፣ ጀሪካን ብቻ። ጸሐፊዋ እኔ ስለሆንኩ ደብዳቤውን ጽፌ ወረዳ ወሰድኩ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ አነበበችው፣ ገልብጣ ጀርባውንም አየችው (ምንም የለበትም)፣ ውስጥ ገብታ ተመለሰችና «መጀመሪያ ፈቃድ አምጪ» አለችኝ። ከየት ስላት «ከሚመለከተው አካል»። ደብዳቤውን መለሰችልኝ፣ ቁጥርም አልሰጠችኝም።

ሕገ መንግሥቱ ሰልፍ መብት ነው ይል የለ? ታዲያ የምን ፈቃድ ነው? ሌላም አለ። አንድ ጎረቤታችን ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ የአንድ ኃላፊ ስም ጠርቶ «የቧንቧውን ብር የበላው እሱ ነው» ብሎ ለጥፏል። ግማሹ ሰው ልብ ሰጠው፣ ግማሹ አጥፋው እያለው ነው። ይሄ ሐሳብን መግለጽ ነው ወይስ ጣጣ?

ቦቴ ጠባቂ፦
እህቴ ይቅርብሽ። እኛ ሰፈር ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ሰው ዝም ብሎ አስፋልት ዳር ተሰበሰበ፣ ሁለት ልጆች ጣቢያ አድረው ወጡ። ማን ጠራችሁ ነው የተባሉት። ማንም አልጠራንም፣ ጨለማው ነው የጠራን።

ጥቁር ካባ፦
ጠበቃ ነኝ፣ አብዛኛው ሥራዬ ውልና ውርስ ነው፣ ግን ይሄን ጥያቄ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ልመልስ።

የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 30 ራስሽ አንብቢው፣ አጭር ነው። ማንኛውም ሰው መሣሪያ ሳይዝ በሰላም የመሰብሰብ፣ ሰልፍ የመውጣትና አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው ይላል። ፈቃድ የሚል ቃል የለበትም። ቀጥሎ ግን ሰልፉ የሚሄድበት መንገድና ቦታ ሕዝብ እንዳያውክ ሥርዓት ሊወጣለት ይችላል ይላል። ሥርዓቱ ያለው ከሕገ መንግሥቱም በሚቀድመው በአዋጅ ቁጥር 3/1983 ውስጥ ነው። እሱ የሚጠይቅሽ ማሳወቅ ነው፤ ከ48 ሰዓት በፊት፣ በጽሑፍ፣ ዓላማው፣ ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ አዘጋጆቹ እነማን እንደሆኑ።

በማስፈቀድና በማሳወቅ መሀል ያለው ልዩነት የሚታየው ዝም ሲሉሽ ነው። ፈቃድ ቢሆን ዝም ካሉሽ ቁጭ ትያለሽ። ማሳወቅ ስለሆነ ዝም ካሉሽ ትወጫለሽ። ሰዓቱ ወይም ቦታው አይመችም ካሉ ማሳወቂያው በደረሳቸው በ12 ሰዓት ውስጥ ምክንያታቸውን በጽሑፍ መስጠት አለባቸው፣ እሱም ቢሆን ሌላ ቀን ወይም ሌላ ቦታ አድርጉት ለማለት ነው እንጂ ጭራሽ አትውጡ ለማለት አይደለም። መንገዳችሁንም እዩት፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድና ከሆስፒታል 100 ሜትር፣ ከጦር ሠራዊት ግቢ 500 ሜትር መራቅ አለበት።

አንቺ የሳትሽው አድራሻውን ነው። ከተማ ውስጥ ማሳወቂያው የሚገባው ለከተማው አስተዳደር ነው፣ ለወረዳ አይደለም። ልጅቷ «ከንቲባ ጽሕፈት ቤት ውሰጂው» ብትልሽ አንድ ቀን ታተርፊ ነበር። ደግሞ ሳይታችሁ የማን እንደሆነ አረጋግጪ። ወሰኑ በ2014 ከተለየ ወዲህ እንደ ኮዬ ፈጬ ያሉት ወደ ኦሮሚያ ተካልለዋል፣ ዳር ላይ ያለ ሁሉ አዲስ አበባ አይደለም።

ቦቴ ጠባቂ ያለውን ግን አልክድም። በግንቦት 1997 ምርጫው በተካሄደበት ዕለት ማታ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ አዲስ አበባና አካባቢዋ ላይ ሰልፍ ለአንድ ወር ከለከሉ፣ አስቸኳይ ጊዜ ሳይታወጅ። ተቃዋሚው ቅንጅት ፍርድ ቤት ሄደ፣ ጉዳዩ ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ተመራ፣ ጉባኤው ክልከላው ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ። እኔ እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም። አስቸኳይ ጊዜ ቢታወጅ ኖሮ ይገባኝ ነበር፣ ምክንያቱም አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜም አይነኬ ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ ሐሳብን የመግለጽ መብት ያለበት 29ም፣ ሰልፍ ያለበት 30ም የሉም።

የቴሌግራሙን ነገር ጎረቤትሽ ዛሬውኑ ቢያስተካክለው ይሻለዋል። አንቀጽ 29 ሐሳብ በይዘቱ ምክንያት አይገደብም ይላል፣ እዛው ላይ ግን የሰው ክብርና መልካም ስም በሕግ እንደሚጠበቅ ተጽፏል። «ለቧንቧ የተመደበው ብር የት ገባ» ብሎ መቶ ጊዜ ይጠይቅ። «እገሌ በላው» ካለ ግን ማስረጃ አምጣ ይባላል፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 የስም ማጥፋት ነው።

የግሩፕ አድሚን፦
እኔ የሌላ ሰፈር አድሚን ነኝ። ከፖስቱ በላይ የሚያስፈራኝ ሥሩ የሚጻፈው ነው። አንዱ ስም ይጠራል፣ ሁለተኛው «ድሮስ የእነሱ ዘር» ይላል፣ አለቀ። ከዛ በኋላ ስለ ውሃ የሚያወራ የለም። አዋጅ 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይቀጣል። እኔ እንዲህ ዓይነቱን ወዲያው ነው የማጠፋው፣ ሳንሱር አደረግሽን ብለው ሦስት ሰዎች ግሩፑን ለቀው ወጥተዋል። ይውጡ።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ እኔ 31 ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ይዘሽ ሂጂ። «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» ቢሉሽ ለኃላፊው አይደለም የመጣሁት፣ ለመዝገብ ቤት ነው በያቸው። ቅጂሽ ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥርና ማህተም አስመቺ። 48 ሰዓቱ የሚቆጠረው ከዚያ ማህተም ነው። እምቢ ካሉሽ ለእንባ ጠባቂ ወይም ለሰብአዊ መብት ኮሚሽን አቤት በይ፣ ግን ብቻሽን አትሂጂ፣ አንድ ሁለት ሰው ይከተልሽ።

የሦስተኛ ፎቋ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ያሉኝን አደረግኩ። ረቡዕ 8 ሰዓት ከሩብ ገቢ ሆነልኝ፣ ማህተሙ ግማሹ ቢጠፋም ቁጥሩ ይነበባል። 12 ሰዓቱ አልፏል፣ መልስ የለም። ጎረቤታችንም ስሙን አውጥቶ በጥያቄ ለውጦታል፣ እያጉረመረመ።

ግን ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ትናንት ሌሊት ውሃ መጣች። አርባ ደቂቃ። አሁን ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል፣ ግማሹ መጣልን እኮ፣ ሰልፉ ይቅር ይላል። እኔ ደግሞ ማህተም ያስመታሁት ለአርባ ደቂቃ ነው እንዴ እያልኩ ነው። ሰልፉ ቢቀር ቀርቷል ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል?

ጡረተኛው፦
ጻፊ። በሁለት ቅጂ።