ክርክር፦ የመሪ ንግግር የሕዝብን እሴት ያሳያል ወይስ የመሪውን ፍላጎት ብቻ?

የታሪክ ሰው፦ ያሳያል፤ ግን ከተስፋው ይልቅ መሐላውንና ዛቻውን መርምሩ። የአፄ ምኒልክ የ1888 የክተት አዋጅ «ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ» ካለ በኋላ የሚቀረውን ሰው «ማርያምን! ለዚህ አማላጅ የለኝም» ይለዋል። ንጉሥ የተቆጣው ሰው አማላጅ ልኮ ምሕረት እንደሚያገኝ ሰሚው ሁሉ ያውቃል። ዛቻው የከበደው ያ በር ስለተዘጋ ነው። ምልጃ በማይታወቅበት አገር ቃሉ ባዶ ይሆን ነበር።

የሕግ ሰው፦ አልስማማም፣ ወንድሜ። ደርግ «ያለ ምንም ደም ኢትዮጵያ ትቅደም» ሲል ከርሞ ኅዳር 14 ቀን 1967 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። መፈክሩ የማን እሴት ነበር?

የቋንቋ ሰው፦ የሰሚው ነዋ! ሕዝቡ ደም እንደሚጠላ ስላወቁ እንዲያ አሉ። ሚያዝያ 1969 ኮሎኔል መንግሥቱ በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶች ሲሰብሩ ግን ለዚያ ስሜት መጠንቀቁ ቀርቷል። በሦስት ዓመት ውስጥ በአደባባይ ሊባል የሚቻለው ነገር ምን ያህል እንደተለወጠ እዚህ ላይ ይታያል።

የታሪክ ሰው፦ መጋቢት 24 ቀን 2010 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ በበዓለ ሲመታቸው ለጠፋው ሕይወት ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቁ። በ1888 ምሕረት ለማኙ ሕዝቡ ነበር፤ እዚህ ለማኙ መሪው ሆነ። ለእኔ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው።

የሕግ ሰው፦ ልመናው ግን ከመሪው ልብ ብቻ አልመነጨም። ከ2008 ጀምሮ በኦሮሚያ፣ ኋላም በአማራ ክልል የተነሣው ተቃውሞ ነው ያስገደደው፤ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትርም የካቲት 8 ቀን 2010 መልቀቂያ አስገብተዋል። ንግግሩ ከኋላ ነው የመጣው። ጭብጨባውንም ለሕዝብ ስሜት መለኪያ አታድርጉት፤ የምክር ቤቱ 547 መቀመጫዎች በሙሉ በኢሕአዴግና በአጋሮቹ እጅ ነበሩ።

የቋንቋ ሰው፦ ጭብጨባውን ልተወው። የምመዝነው ቃሉ ከአዳራሹ ወጥቶ መኖሩን ነው። በዚያው ንግግር «ተቃዋሚ» የነበረው «ተፎካካሪ» ተባለ፤ ጋዜጠኛውም ፖለቲከኛውም ተቀበለው። ተቃዋሚ እንደ ጠላት ይሰማል፤ ተፎካካሪ ግን አብሮ የሚሮጥ ነው። ሰው ቃሉን የወሰደው ስለተመቸው ነው፤ ማንም አላስገደደውም።

የሕግ ሰው፦ የ1162/2011 የምርጫ አዋጅ ርእስ ግን «የፖለቲካ ፓርቲዎች» ነው የሚለው። ስም መለወጡ ብቻውን አይበቃኝም፤ ያ ተፎካካሪ አዳራሽ ተከራይቶ ስብሰባ ሲጠራ ምን እንደሚገጥመው አብራችሁ ቁጠሩልኝ።