ባለ ቺንጋ የሸክላ ማጫወቻ ሞተር ይጎረመርማል፤ ወደ ዳይሬክት ድራይቭ ልቀይር?

ጥያቄ፦ ማጫወቻው ከአሜሪካ የመጣ ባለ ቺንጋ ነው፤ ጀርባው ላይ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። አዲስ አበባ ላይ በትራንስፎርመር ነው የሚሠራው። በዘፈንና በዘፈን መሀል ወፍራም ጉርምርምታ ይሰማል፤ የዘፋኙም ድምፅ ወፍሯል። ይጠገናል ወይስ ተሸጦ ዳይሬክት ድራይቭ (ሳህኑ ያለ ቺንጋ በቀጥታ በሞተሩ የሚዞርበት) ይገዛ?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ ከመሸጥህ በፊት ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ለይ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ መርፌውም ከሸክላው ተነሥቶ እያለ ቮሉሙን ክፈት። ያኔም ከጮኸ ሞተሩ አይደለም፤ መጀመሪያ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደውን የግራውንድ ሽቦ እይ። ዝም ካለ ግን ቺንጋውን ከፑሌጃው (በሞተሩ ጫፍ ካለችው ትንሽ መዘውር) አውልቅ፤ መርፌውን በቆመ ሸክላ ላይ አሳርፍና ሞተሩን ብቻ አስነሳ። ከተሰማ የሞተሩ ንዝረት በአካሉ በኩል እያለፈ ነው። ካልተሰማ ቺንጋው ወይም የሳህኑ ኩሽኔታ ነው።

መልስ 2፦ የድምፁ መወፈር ሌላ ነገር ነው የሚናገረው። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን (የመብራቱ ሞገድ በሰከንድ የሚመላለስበትን ቁጥር) አይቀይርም። እንዲህ ያለው የኤሲ ሞተር የሚዞረው በኸርዙ ልክ ስለሆነ፣ እኛ ጋ በ50 ኸርዝ በደቂቃ 33⅓ መዞር የነበረበት ሳህን 27.8 ገደማ ይዞራል። ሸክላው ጠርዝ ላይ ቁራጭ ወረቀት አድርግና ቁጠር፤ በ3 ደቂቃ 100 ዙር መሙላት አለበት። 83 አካባቢ ከቆመ ምክንያቱ ይኸው ነው። መፍትሔው የ50 ኸርዝ ፑሌጃ ነው፤ ውፍረቱ ከአሁኑ በ20 በመቶ ገደማ ይበልጣል። የተቀረጸ ፑሌጃ ትንሽ እንኳ ከመሀል ከወጣ ድምፁን ያወዛውዛል፤ ስለዚህ ጥሩ ቶርኒቶሪ ጋ ብቻ ውሰደው። በ50 ኸርዝ ላይ 120 ቮልት ለዚህ ሞተር ይበዛበታል፤ ይግላል፣ ይንቀጠቀጣል። 100 ቮልት የሚያወጣ ትራንስፎርመር ብታገኝ ጉርምርምታው ራሱ ይቀንሳል።

ጠያቂው፦ 84 ዙር ቆጠርኩ። ቺንጋው ወልቆም ጉርምርምታው አለ።

መልስ 1፦ እንግዲያው ሶኬቱን ንቀልና ሞተሩ የታሰረባቸውን ጎማዎች በጥፍርህ ጫን። ጎማው ገባ ካላለ ደርቋል፤ በተመሳሳይ መጠን በለስላሳ ጎማ ቀይር። ብሎኖቹን አታጥብቅ፣ ጎማው ከተጨፈለቀ ንዝረቱን ያሳልፋል። ለጉዞ ተብለው የገቡ ማሰሪያ ብሎኖች ካሉም መውጣት አለባቸው። ለሞተሩ ኩሽኔታ 2 ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃል፤ ግራሶ አይሆንም። ፑሌጃውንና የሳህኑን ጠርዝ በአልኮል ጥረግ፣ ዘይት የነካው ቺንጋ ይንሸራተታል።

መልስ 3፦ ዳይሬክት ድራይቭን በተመለከተ፦ ሞተሩ ራሱ በደቂቃ 33⅓ ዙር ነው የሚዞረው፤ በሰከንድ ከአንድ ዙር በታች ማለት ነው። የቺንጋው ሞተር ግን በ50 ኸርዝ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 250 ይዞራል፤ ንዝረቱም 100 ኸርዝ ላይ፣ ማለትም የቤዝ ጊታር ክልል ውስጥ ነው። የጃፓኑ ቴክኒክስ በ1970 እ.ኤ.አ. ኤስፒ 10 የተባለውን ዳይሬክት ድራይቭ ማጫወቻ ካወጣ ወዲህ ጥሩዎቹ ዳይሬክት ድራይቮች ፍጥነታቸውን በራሳቸው ሰርኪዩት ስለሚጠብቁ የመብራቱ ኸርዝ አያውካቸውም። ርካሹ ግን እየገተተ የሚዞር ሞተር ይኖረዋል፤ ንዝረቱን ከመርፌው የሚለይ ቺንጋም የለውም። ያንተ ችግር በጎማና በፑሌጃ የሚፈታ ስለሆነ አትሽጠው።