ጠባይን ለማወቅ ስንት ጊዜ ይበቃል?

የሆጤ ልጅ፦ ቅዳሜ ከበረካው በኋላ ሳንቋጨው የቀረውን ክርክር እዚህ ላንሣው። ሰው የትዳር ጓደኛውን የሚመርጠው በጠባይ ነው ወይስ በመልክ? እኔ በጠባይ ነው ባይ ነኝ። ዴቪድ በስ የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ያሳተሙት፣ በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ ሰዎችን የጠየቀ ጥናት፣ ወንዱም ሴቷም ደግነትንና አስተዋይነትን ከመልክና ከገቢ እንዳስበለጡ ያሳያል።

የቧንቧ ውኃው፦ ወንድሜ፣ ሲጠየቅማ «መልክ ነው የምሻው» የሚል ማን አለ? ሽማግሌ ሲልክ «ጨዋነቷን አይቼ ነው» የማይል አላጋጠመኝም። እ.ኤ.አ. በ1966 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ገቢ ተማሪዎችን «ኮምፒውተር አጣምሯችኋል» ብለው በዕጣ አገናኝተው ለዳንስ ጋበዟቸው፤ እንደገና ለመገናኘት መፈለጋቸውን የወሰነው የጠባይ መለኪያውም የትምህርት ውጤቱም ሳይሆን መልክ ነበር።

ኮምቦልቻዊት፦ ያ የአንድ ምሽት ዳንስ ነው። በአንድ ምሽት ከመልክ ሌላ ምን ሊታይ ኖሯል? እኔ በምሠራበት ፋብሪካ አንዲት ባልደረባዬ በመጀመሪያው ወር «ይህ ደረቅ» እያለች ትሸሸው የነበረውን ሰው በሁለተኛው ዓመት አገባችው። ልቧን የማረከው፣ ማሽኗ በቆመ ቁጥር ሳያጉረመርም መምጣቱና ያበደረውን ገንዘብ በሰው ፊት አለመጠየቁ እንደሆነ ራሷ ነግራኛለች። እ.ኤ.አ. በ2015 በ167 ጥንዶች ላይ የታተመ ጥናትም፣ ከመፋቀራቸው በፊት ረዘም ላለ ጊዜ የተዋወቁት በመልክ ደረጃ እምብዛም እንደማይመጣጠኑ፣ ቶሎ የተጣመሩት ግን እንደሚመጣጠኑ አሳይቷል። ስለዚህ ጥያቄው «ጠባይ ወይስ መልክ» ሳይሆን፣ ጠባይ እስኪገለጥ የሚታገሥ አለ ወይ የሚለው ይመስለኛል።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ ልክ ብላለች፤ ይሁን እንጂ በእኛ ዘመን ጠባይ ሳይጠየቅ ቀርቶ አያውቅም። ለለቅሶና ለድግስ ማን እንደሚታዘዝ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቅ ነበር።

ኮምቦልቻዊት፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ያ ይጠየቅ የነበረው በአብዛኛው ስለ ልጅቷ ታዛዥነት ነው፤ እሷ ስለ እሱ ቁጣ የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ እንዲፈጸም ሲደነግግ፣ የመጠየቁንም መብት ለሁለቱም የሰጠ ይመስለኛል።

የቧንቧ ውኃው፦ በዚህስ ተረትቻለሁ። ግን መጀመሪያውኑ መልኩ ካልሳባት፣ ማሽኑን ሲጠግን ልብ ትለው ነበርን?

ኮምቦልቻዊት፦ እሷማ ማሽኑን እንጂ እሱን አላየሁም ነበር ትላለች።